ማኅደርና ድምፅዋ

ማኅደር ገብረወልድን የፈጠራት አምላክ ሌላውን ሁሉ በልክ በልኩ ሰፍሮ ሲያበቃ፣ ድምፅዋ ላይ ሲደርስ እጁ ሳያመልጠው አልቀረም። ቁመቷ መካከለኛ፣ መልኳ ደህና፣ የማትሪክ ውጤቷ ሰው ፊት የማይወጣ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ያለ ነበር። ገርጂ ውስጥ ሠርግ ተደግሶ ማይክ ከተከራዩ መጀመሪያ የሚፈለገው የእሷ ጉሮሮ ነው። የሙሽራውን ዘመዶች በስማቸው ስትጠራቸው ከገጠር የመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ኮታቸውን እያስተካከሉ እንደ ባለሥልጣን ይነሣሉ።

አባቷ አቶ ገብረወልድ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል፣ ዕቃ ጫኝ ናቸው። የመንገደኞችን ጥሪ በግድግዳው በኩል ሲሰሙ ይውሉና ማታ ቤት ሲገቡ፣ «ያቺ የምትጣራው ልጅ ጥሩ ናት፤ ክፉ አይወጣኝም። አንቺ ብትሆኚ ግን ሰዉ ጉዞውን ትቶ ቆሞ ያዳምጥ ነበር» ይሏታል። መንገደኛ ጉዞውን ትቶ ቆሞ ቢያዳምጥ ለአየር መንገድ ምን እንደሚበጅ ለሁለቱም አልታያቸውም።

እናም በ1987 ሐምሌ ላይ ማኅደር ለዚያው ሥራ ተፈተነች። ከዚያ በፊት ወር ሙሉ ጭልፋ ይዛ መስታወት ፊት ቆማ «የተከበራችሁ መንገደኞች» ስትል ከርማለች። አማርኛውን ስታነብ ፈታኞቹ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አዳመጧት። እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ መልሰው አነሡት። ፍራንክፈርት የሚለውን ስም ደጋግማ አንብባ በየጊዜው ሌላ ከተማ አደረገችው። በመጨረሻ «እንጠራሻለን» አሏት፣ በትሕትና። ስልክ ያለው ጎረቤት ደጅ ስትጠና ክረምቱ አለቀ። ሰው ለመጥራት ልትቀጠር የሄደችው ልጅ ጥሪ ስትጠብቅ አደይ አበባ ፈነዳ።

ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ ሰው አቶ አያሌው የመጡት። አቶ አያሌው እዚያው ገርጂ ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው።

«መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንድ ክፍል ከፍተናል» አሉ። «መምህር አለ። ረዳት ግን የለውም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ደግሞ ብዙ።»

አቶ ገብረወልድ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩዋት። «እንግዲህ አስቢው» አሉ። «ለማይሰማ ሰው ዋናው ነገር ምንድን ነው? ጥርት ያለ ድምፅ።»

ማኅደር ጥቂት አሰበችና ልክ ናቸው አለች። ዛሬ ይህን ስታወራ እዚህ ላይ ቆም ትልና፣ «ሁለታችንም ያን ቀን ጤነኞች ነበርን፤ አንዳችንም አላተኮሰንም» ትላለች።

የመጀመሪያው ቀን ሌሊቱን ያጠናችውን ንግግር ይዛ ሄደች። ክፍሉ ከግቢው ጫፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ አሮጌ ቤት ነው። ወንበሮቹ እርስ በርስ መተያየት እንዲመች እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብለው ተደርድረዋል። መምህሩ ጋሽ በዳሳ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። በር የሚሞሉ ግዙፍ ሰው ናቸው። ራሳቸውም ልጅ ሳሉ በማጅራት ገትር የተነሣ መስማት አቁመዋል። ይህን አቶ አያሌው ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን ንግግሯን በልቧ እያጠናች ስለነበር ከነገሯት ውስጥ ግማሹ አልፏት ነበር።

በሩ ላይ ቆማ ጀመረች። እንደምን አደራችሁ አለች፣ ስሟን ነገረቻቸው፣ ስለ ዕውቀት ብርሃንነት ተናገረች። ልጆቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩዋት። ድምፅዋ የያዛቸው መሰላትና ሁለተኛውን አንቀጽ የበለጠ አሳመረችው። ጋሽ በዳሳ የልጆቹ ዓይን ወዴት እንደሄደ ሲያዩ ዞር አሉ፤ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ጠመኔያቸውን አንሥተው ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦

«ጨርሰሻል?»

ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

«እርሳሶቹ ዶልዱመዋል። ምላጩ መሳቢያው ውስጥ ነው።»

የመምህርነት ሕይወቷ እንዲህ ተጀመረ። እርሳስ ትቀርጻለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች፣ የሸሚዝ ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ትንንሾቹን ሽንት ቤት ታደርሳለች። ማታ ማታ ደግሞ መንገድ ላይ ቆማ ልጆቹን ታሻግራለች፤ ለአዲሶቹ ቪላዎች አሸዋ የጫነ ኤንትሬ እየመጣ ጡሩምባውን ቢነፋው ልጆቹ አይሰሙትምና። አውሮፕላን ሊያርፍ በጣሪያቸው ላይ ሲያልፍ በሌላው ክፍል ትምህርት ይቆማል፤ በእነሱ ክፍል ግን ይቀጥላል። ልጆቹ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ያደርጉና የእንጨቱን መንቀጥቀጥ አዳምጠው «ይሄ ትልቁ ነው»፣ «ይሄ ትንሹ ነው» ይሏታል በእጃቸው። የአውሮፕላን መምጣት ልታበስር የነበረች ሴት፣ የአውሮፕላን መምጣት በልጆች ይበሰርላት ጀመር።

ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንት ሳይሞላት አንድ ሰው ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። ሙነወር ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ መገናኛ አጠገብ ሱቅ አላቸው። ልጅቱ ሸምሲያ ከአባቷ ኮት ኋላ ሆና አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ትመለከታለች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለቻቸው ማኅደር። «እባክዎ በዚህ በኩል ይለፉ።»

ሙነወር አላለፉም። ቆመው አዩዋት። «ማሻአላህ» አሉ። «የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ?»

ረዳት ነኝ ማለት ነበረባት። «አዎ» አለች።

«ትናገራለች ታዲያ? የሄድንበት ሐኪም ተስፋ አልሰጠንም ነበር። አሁን ይህን ድምፅ ስሰማ ግን ልቤ ደስ አለው።»

በዚያን ጊዜ ማኅደር ስለ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከምታውቀው ሁሉ የሚያስተማምነው የእርሳስ አቀራረጽ ነበር። ግን ሰው ድምፅዋን ባመሰገነ ቁጥር ጭንቅላቷ ሥራ ያቆማል።

«ያለ ምንም ጥርጥር ትናገራለች» አለች፣ እያንዳንዱን ፊደል ኩልል አድርጋ። «እስከ ጥምቀት ድረስ አባ ብላ ትጠራዎታለች።»

የበረራ ሰዓት የምትናገር ይመስል ቀኑን ሳይቀር ቆርጣ ነገረቻቸው። ሙነወር ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አላህ ይስጥሽ» ብለው ልጃቸውን ትተውላት ሄዱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማኅደርም ሰውዬው ከበሩ ሳይወጡ ልትመልሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። ግን ጥምቀት ሩቅ ነበር።

ሸምሲያ ከመጣች በኋላ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ልጅቱ እስከዚያ ድረስ ከሱቅ ጓዳ ወጥታ አታውቅም፤ ምልክት የምታውቀው ጥቂት፣ ያውም የቤት ውስጥ ነው። ኅዳር ሳይገባ ግን ከሁሉም ልጆች ፈጥና እጇ ይበር ጀመር። ማኅደር ከእሷ እኩል ብትጀምርም ከኋላዋ ቀረች። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ከሸምሲያ ትማር ነበር፤ አንድ ነገር ታሳያታለች፣ ሸምሲያ ምልክቱን ትሰጣታለች።

አንድ ቀን «ጎበዝ» የሚለውን ጠየቀቻት። ሸምሲያ ጥቂት አሰበችና እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ጢም እንደሚስብ ሰው ወደ ታች ጎተተች። ማኅደር ምልክቱን ወደደችው፤ የሽማግሌ ጥበብ ያለበት መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መደመር ያገኘውን ልጅ፣ ደብተሩን በንጽሕና የያዘውን ልጅ፣ እጁን ታጥቦ የመጣውን ልጅ ሁሉ ጢሟን እየጎተተች ታመሰግናለች። ልጆቹም ምስጋናውን ሲቀበሉ ፈገግታቸው ከሌላው ቀን ይሰፋ ነበር። ትምህርቱ እየገባቸው ነው አለች በልቧ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ ጋሽ በዳሳ ሰሌዳው ላይ ጻፉላት፦ «ልጆቹን ፍየል የምትያቸው ለምንድን ነው?»

ሸምሲያ ጠረጴዛዋ ሥር ገብታ ነበር። ማኅደር ልትቆጣ ፈለገች፤ ግን ቁጣን በምልክት እንዴት እንደሚሉት አታውቅም። ሸምሲያን እንዳትጠይቃት ደግሞ ምን እንደምትሰጣት ማን ያውቃል።

የስሟም ነገር ነበር። በዚያ ክፍል ሁሉም ሰው በእጅ የሚጠራበት ስም አለው። ጋሽ በዳሳ በትከሻቸው ስፋት ይጠራሉ፤ አቶ አያሌው በመነጽራቸው። ለማኅደር ያወጡላት ስም አራት ጣትን ከአውራ ጣት ጋር ጉንጭ አጠገብ መክፈትና መዝጋት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ልቧ ሞቀ። ባይሰሙም ድምፄን አወቁት አለች። ቤት ገብታ ለአባቷ አሳየቻቸው፤ «ባለ ድምፅዋ ማለት ነው» አለቻቸው። አቶ ገብረወልድ በኩራት ተማሩት። ካርጎ ክፍል ላሉ ባልደረቦቻቸው ሁሉ አስተማሯቸው።

ከፍየሉ በኋላ ግን ነገሩን መጠራጠር ጀመረች፤ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ በዳሳን በጽሑፍ ጠየቀቻቸው። ጠመኔውን ይዘው ትንሽ አመነቱ።

«ማስቲካ» ብለው ጻፉ። ከሥሩም፦ «ቀኑን ሙሉ ስታኝኪ ስለሚያዩሽ።»

ይህን ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆመው በሙሉ ፍቅር «ማስቲካ» ብለው ይቀበሏታል፤ እሷም ታመሰግናቸዋለች።

ታኅሣሥ ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። ጥምቀት ደረሰ። ማኅደር ለሙነወር የገባችውን ቃል ለማንም አልተናገረችም፤ ብቻዋን ልትፈጽመው ተነሣች። በዕረፍት ሰዓት ሸምሲያን ከክፍሉ ጀርባ ትወስድና የልጅቱን መዳፍ የራሷ ጉሮሮ ላይ ታስቀምጣለች። «አባ» ትላለች፣ ከንፈሯን እየገጠመች እየከፈተች። ከዚያ የልጅቱን እጅ ወደ ልጅቱ ጉሮሮ ትመልሳለች። ሸምሲያ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ነበር። በኋላ ሰለቻት። ሆኖም አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወፈር፣ ሻከር ያለ፣ ግን «አባ» መሆኑ የማይካድ ድምፅ ከልጅቱ ወጣ። ማኅደር አቅፋት አለቀሰች። የእንባዋ ግማሽ ለሸምሲያ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከጉድ ለዳነችው ለራሷ።

«ድገሚው» አለቻት። ሸምሲያ ደገመችው። በዚህ መካከል የሌላ ክፍል ልጆች ኳሳቸውን ሊያነሡ መጥተው ጥጉ ላይ ቆመዋል። አንዱ አፉን በርግዶ ሸምሲያን እየመሰለ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሳቃቸውን ሸምሲያ አልሰማችውም፤ አየችው እንጂ። ማኅደር ልጆቹን አባራ ተመለሰችና እንደገና «አባ» አለች። ሸምሲያ አፏን ዘጋች። በማግሥቱም አልከፈተችም። ማኅደር ልጅቱ ደክሟት ነው አለች ለራሷ፤ ይህን ማሰብ ይቀል ነበርና።

ጋሽ በዳሳ ያገኟቸው ከዚያ በኋላ ነው። የማኅደርን ጉሮሮ የያዘውን ትንሽ እጅ አዩ። ሸምሲያን ወደ ጨዋታዋ ሰደዱና ማኅደርን ክፍል አስገብተው ለምን እንደሆነ ጠየቋት። ሁሉንም ጻፈችላቸው። ጽሑፏ ከንግግሯ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ አለቀ።

ጋሽ በዳሳ አንብበው ሲጨርሱ ከሥሩ ጻፉ፦ «እኔንም መናገር አስተምረውኝ ነበር። ስድስት ቃል እችላለሁ። በስድስት ቃል ግን ሚስት አላገባሁም።»

«ለአባቷ ምን ልበላቸው?» ብላ ጻፈች።

«አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ» ብለው ሰሌዳውን አጠፉት።

የወላጆች ቀን ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ዋለ። ሙነወር የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ ለልጆቹ አንድ ካርቶን ብስኩት ተሸክመው መጡ። በሌላ እጃቸው ቴፕ ይዘዋል። ከሌሎቹ ወላጆች ኋላ ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ለእናቴ ነው» አሉ። «ኮምቦልቻ ናት። አርጅታለች፣ መኪና አይስማማትም። የልጅቱን ድምፅ ቀድቼ ልልክላት ነው።»

ማኅደር መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ከንፈሯንም ከፍታ ነበር። ነገር ግን ሙነወር ሁለቱን ቁልፎች ባንድ ላይ ተጫኑና ቀይዋ የመቅጃ መብራት በራች፤ ቀይ መብራት ፊት ደግሞ ማኅደር እውነት ተናግራ አታውቅም። ሸምሲያ ፊት ቁጢጥ ብላ የልጅቱን እጅ ወደ ራሷ ጉሮሮ ወሰደችው። «አባ» አለች።

ሸምሲያ ቴፑን አየች። አባቷን አየች። እጇን ነጠቀች።

ማኅደር ደግማ «አባ» አለች። ሸምሲያ ወደ አባቷ ዞረችና በእጇ ጀመረች። ወደ በሩ አመለከተች፣ ወደ አፏ አመለከተች፣ አንድ ነገር አንሥቶ እንደሚወረውር ሰው ክንዷን ወነጨፈች፣ በመጨረሻም ጣቷን አባቷ ደረት ላይ ሰክታ አቆመች። ከዚያ እጇን አጣምራ ጠበቀች።

«ምን አለች?» አሉ ሙነወር።

ማኅደር ግማሹ ገብቷታል፤ የገባት ግማሽ ደግሞ ባይገባት የምትመርጠው ነበር። ጋሽ በዳሳን በዓይኗ ለመነቻቸው። እሳቸው እንደ ልጅቱ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ቴፑ ይዞራል። እና ያ ሠርግ ያደመቀ ድምፅ ማንም ሳያዘው ራሱ ወጣ፦

«ውድ አባቴ» አለች፤ «ስለ ልፋትህ ሁሉ አመሰግንሃለሁ፣ በጣምም እወድሃለሁ ነው የምትልዎት።»

ሙነወር ልጃቸውን ተመለከቱ። ሸምሲያ ቅንድቧን ቋጥራ፣ አፍንጫዋን ነፍታ አባቷን ትገላምጣለች።

«ይህን ያለችው በዚህ ፊት ነው?» አሉ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለውን ተረት ማኅደር ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ተርታዋለች፤ ለራሷ ሲደርሳት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ሸምሲያ ዞራ፣ በምታውቃቸው ጥቂት ምልክቶች፣ «አጠፋሁ። እንደገና። ቀስ ብለሽ» አለቻት።

ሸምሲያ ቀስ ብላ ደገመችው። ማኅደር ያልገባትን እያስቆመች ጠየቀች፤ ያልገባትም ብዙ ነበር። ከዚያም በትንሽ፣ በተቆራረጠ፣ ማይክ ፊት ቀርቶ ጎረቤት ፊት በማያኮራ ድምፅ ታስተረጉም ጀመር።

«እንደዚህ አፌን ስከፍት ልጆች ይስቁብኛል ነው የምትለው... ውጭ፣ ያኔ ሳቁብኝ... ማኅደር አይታ እንደገና በይ አለችኝ... አልልም። እሱ እጅ አለው ትላለች። እርስዎን ነው። እጅ አለው፣ ለምን አይማርም... ሱቅ ውስጥ ሲፈልገኝ...» ቆመች። ምልክቱን ድጋሚ ጠየቀቻት። «ሲፈልገኝ ቆርኪ ይወረውርብኛል።»

ሙነወር ልጃቸውን አዩ። «ቆርኪ» አሉ። «ቀስ አድርጌ ነው እኮ የምወረውረው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሆን ምን ላድርግ?» ከዚያ ወደ ማኅደር ዞሩ። «አንቺ ግን ትናገራለች አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«የማውቀው ነገር አልነበረም። ድምፄ ደስ ሲልዎት አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ሙነወርም ለመቆጣት ትንፋሻቸውን ሲስቡ ታየ፤ ግን ትንፋሹን ምን እንደሚያደርጉበት የጨነቃቸው ይመስል መልሰው ለቀቁት። «እኔም እኮ ሐኪሙ የነገረኝን ትቼ ያንቺን ነው የያዝኩት» አሉ። «የሚጣፍጠውን።» ኮፍያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አሻሹ። «እሺ። ልጄን ስፈልጋት እንዴት ብዬ ልጥራት? ይህን ጠይቂልኝ።»

ጠየቀችላቸው። ጋሽ በዳሳ የተጣመረ እጃቸውን ፈቱና የጣውላውን ወለል በእግራቸው አንድ ጊዜ ረገጡ። በክፍሉ ያሉት ልጆች ሁሉ፣ ብስኩት አፋቸው ውስጥ ያለባቸውም ሳይቀሩ፣ ባንድነት ዞሩ።

ሙነወር ሞከሩ። በአዲስ ጫማቸው ጫፍ መሬቱን ነካ አደረጉት። ማንም አልዞረም። ጋሽ በዳሳ በእጃቸው አጠንክሩት አሉ። ሙነወር ልባቸውን ሞልተው ቢረግጡ የሰሌዳው ጠመኔዎች ረገፉ፣ የብስኩቱ ካርቶን ተገለበጠ፣ እሳቸውም ሚዛናቸውን ስተው ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ። ሸምሲያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ነው የሳቀችው። አባቷ ደንግጠው አዩዋት። ሳቋን ቤት ውስጥ ሰምተውት ይሁን አይሁን ማኅደር አላወቀችም፤ ፊታቸው ግን አዲስ ነገር የሰማ ሰው ፊት ነበር። ቴፑ እየዞረ መሆኑን ያስታወሱት ካሴቱ አልቆ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ሲነሣ ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጋሽ በዳሳ ለማኅደር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ተዉ። ማንኛውንም ነገር በእጃቸው፣ ያውም ሳያዘገዩ ነበር የሚነግሯት። አክብረዋት ይሁን ቀጥተዋት አልገባትም፤ ስትጠይቃቸውም የመለሱላት በዚያው ፍጥነት ስለሆነ መልሱን አልያዘችውም። ሙነወር ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቁን ለሚስታቸው ትተው ይመጡና ከትንንሾቹ ጋር ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ማኅደር ስኳር ልትገዛ መገናኛ ሱቃቸው ጎራ አለች። ውስጡ ሰው ሞልቷል። ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ አለ።

«መብራቱ ሊሄድ ነው መሰለኝ» አለች ማኅደር።

«አይሄድም» አሉ አጠገቧ የቆሙ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ። «ባለሱቁ ልጁን ሲጠራ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቢረግጠው አይሰማትም።»

እውነትም ሸምሲያ ከጓዳ ወጣች። ማኅደርን ስታይ በእጇ ሰላም አለቻትና ወደ አባቷ ሄደች። ሙነወርም አይተዋት ከሚዛኑ በላይ አንገታቸውን አወጡ።

«ካሴቱ ደረሰ» አሉ። «እናቴ ሰማችው። የልጅቱ ሳቅ ቁርጥ የአባቴ ነው ብላ ስታለቅስ ዋለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ማኅደር።

«ያቺ ብቻዋን የምትለፈልፈው ሴትዮ ደግሞ ማን ናት አለችኝ። ጎረቤት ናት አልኳት፤ አብሽሪ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ማኅደርም ሳቀች። ከዚያ አባትና ልጅ አንድ ነገር ላይ መከራከር ጀመሩ። የሳሙናው ካርቶን ነው መሰል፤ ሸምሲያ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ታመለክታለች፣ አባቷ ወደ ታችኛው። እጃቸው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይቆራረጣል። ሙነወር ጣቶቻቸው ወፋፍራምና ዘገምተኞች ናቸው፤ ልጅቱ ግማሽ ላይ እየነጠቀች ትጨርስላቸዋለች። ማኅደር ለመከታተል ሞከረች። ነገ የሚለውን ያዘች። ውኃ የሚለውንም ያዘች፣ ወይም ዝናብ ይሆናል። የቀረው ጋሽ በዳሳ ያላስተማሩት፣ ሁለቱ በቤታቸው የፈጠሩት ነገር ነበር።

«አንቺ አስተማሪዋ አይደለሽ?» አሉ ባለ ዘንቢሏ ሴትዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። «ምን እየተባባሉ ነው?»

የማኅደር አፍ ተከፈተ። አንድ ያማረ ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር።

«አልገባኝም» አለች።

ክርክሩ ገና ነበር። ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ከሴትዮዋ ኋላ ወረፋዋን ያዘች።